የፀሐይ ሙቀት በየቤቱ፦ ከበርበሬ ስጥ እስከ እንጀራ ምጣድ

«የፀሐይ ኃይል» የሚለው ሐረግ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጣሪያ ላይ የተዘረጋው ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ድንቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ፀሐይን ማሠራት የጀመረው ሰሌዳው ከመፈልሰፉ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ በየደጁ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ የሚታየው ቀይ በርበሬ፣ ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል፣ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆነው ድርቆሽ፣ ሁሉም በፀሐይ ሙቀት የተሠሩ ናቸው። በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ደግሞ ጨዋማው ውኃ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨው ይቀራል። ያን ሁሉ ውኃ ለማትነን አንዲት ጠብታ ነዳጅ አይቃጠልም። በቤታችን ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው የፀሐይ ኃይል ውጤት መሆኑን ግን ማናችንም ልብ አንለውም።

በዚህ ጽሑፍ ሰሌዳውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ የፀሐይን ሙቀትና ብርሃን በቀጥታ፣ በየቤቱ በሚገኝ ተራ ቁሳቁስ ሥራ ላይ ለማዋል የተፈለሰፉ ዘዴዎችን እንመለከታለን። ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ የተሳኩም ከዕቃ ቤት ያላለፉም አሉ። በእኛ እምነት የተሳካውን ካልተሳካው የሚለየው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ለሥራው ስንት ዲግሪ ይበቃል? በርበሬ ለማድረቅ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ውኃን ከተሕዋስያን ለማጽዳት 65 ይበቃል። ድንች ለመቀቀል 90 ያስፈልጋል። እንጀራ ለመጋገር ግን ምጣዱ በተለመደው አሠራር ከ180 እስከ 220 ዲግሪ መድረስ አለበት። የፀሐይ ሙቀት በየቤቱ የገባበትም ሆነ ደጅ የቀረበት ምክንያት በዚህ መሰላል ላይ ይገኛል።

አንድ ካሬ ሜትርና አንድ ኪሎ እንጨት

በመጀመሪያ ከፀሐይ የምናገኘው ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1,000 ዋት ገደማ የሚሆን የፀሐይ ጨረር ያርፋል። ጧትና ማታው፣ ደመናውም ሁሉ ታስቦ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ኃይል ይደርሳል። ይህም 18 ሚሊዮን ጁል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ የማገዶ እንጨት ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ወደ 16 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። እንግዲህ የአንድ አነስተኛ ጠረጴዛ ስፋት ባለው የደጃችን መሬት ላይ ፀሐይ በየቀኑ ከአንድ ኪሎ እንጨት የሚበልጥ ኃይል ታፈሳለች።

ነገሩን የሚያባብሰው የሦስት ጉልቻው ጠባይ ነው። በክፍት ምድጃ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ከጭሱ ጋር ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ጭሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ከራሳቸው በላይ የረዘመ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው ሲወርዱ ለብዙ ዓመታት ያየናቸው ሴቶች የሚሸከሙት፣ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ለጭስና ለንፋስ የሚሆን ጭነት ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ፀሐይ ይህን ያህል ቸር ከሆነች ስለ ምን በእንጨት እናበስላለን? መልሱ የመጠን ሳይሆን የጥራት ነው። እሳት በጠባብ ቦታ ብዙ መቶ ዲግሪ ይሰጣል፤ በፈለግንበት ሰዓት ይነዳል፤ ቤት ውስጥ ይገባል። የፀሐይ ጨረር ግን በሰፊው ተዘርግቶ የሚደርስ ስስ ኃይል ነው። ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል እጅ ቢያቃጥል እንጂ ውኃ አያፈላም፤ የተቀበለውን ሙቀት በዚያው ቅጽበት ለአየርና ለሰማይ ይመልሳልና። ስለዚህ የሰው ልጅ ሁለት ጥበቦችን ፈለሰፈ፦ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ማገትና ጨረሩን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ። ቀጥለው የሚመጡት ዘዴዎች ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ወይም በሁለቱም ይሠራሉ።

ሃምሳ ዲግሪ የሚበቃው ሥራ

ማድረቅ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ቀላል መሆኑ ግን አሳስቶናል። መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አቧራ ይጠጣል፣ ዶሮ ይረግጠዋል፣ ያልታሰበ ዝናብ ይመታዋል። ዋናው አደጋ ግን ዝግታው ነው። እርጥበቱ ቶሎ ካልወጣ ሻጋታ ያድርበታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ከተፈጠረ በኋላ በማድረቅም ሆነ በማብሰል አይጠፋም።

መፍትሔው ሙቀቱን ማብዛት ብቻ ሳይሆን አየሩን ማንቀሳቀስ ነው። እርጥበት የጠገበ የ20 ዲግሪ አየር እስከ 40 ዲግሪ ቢሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ100 በመቶ ወደ 32 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የተጨመረም የተቀነሰም ውኃ የለም፤ አየሩ ግን በድንገት የተጠማ ይሆናል። የፀሐይ ማድረቂያ ሳጥን የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ዝቅ ብሎ የተጋደመ፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ፣ በላዩ ላስቲክ ወይም መስታወት የተከደነ ጠፍጣፋ ሳጥን አየሩን ያሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በወንፊት መደርደሪያዎች ላይ በተዘረጋው በርበሬ፣ ማንጎ ወይም ጎመን መካከል ያልፋል፤ ከላይም በጭስ ማውጫ መሰል ቀዳዳ ይወጣል። ማራገቢያ አያስፈልገውም። በርበሬው ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያገኘው ቀለሙም ይጠበቅለታል።

በዚህ ረገድ የይርጋጨፌና የሲዳማ ቡና አምራቾች ሊቃውንት ናቸው። የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣና አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ግን ይሸፍኑታል፤ ሽፋኑ ቆዳው ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ሙቀት በዛ ማለት ሁልጊዜ ተሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አናውቅም።

በሌላ በኩል ጥቁር ቀለም የተቀባ የ20 ሊትር ጀሪካን ጧት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ከሰዓት በኋላ ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውኃ ይሰጣል። ይህ ሐሳብ አድጎ የደረሰበትን ማየት የሚፈልግ ወደ እስራኤል ይመልከት። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» በሚሉት የጣሪያ ማሞቂያ ይታጠባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች ይህ ማሞቂያ እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል። በቀላሉ ዓይነት ማሞቂያ ፓምፕ አይገባም። በርሜሉ ከማሞቂያው ሰሌዳ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሞቆ የቀለለው ውኃ በራሱ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም በራሱ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ምንም አያንሳትም።

የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ሙያዎች

በአገራችን ማንኛውም የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን፣ «ሃይላንድ» ይባላል። ይህ በየመንገዱ ወድቆ የምንረግጠው ዕቃ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ሁለት ቁም ነገሮች ይሠራል።

የመጀመሪያው ውኃን ማከም ነው። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አፍቲም አክራና ባልደረቦቹ ለተቅማጥ ሕሙማን የሚሰጠውን የስኳርና የጨው ውሕድ በፀሐይ ብርሃን ማጽዳት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1980 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስታወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ኤዋግ የተባለው የስዊዘርላንድ የውኃ ምርምር ተቋም ዘዴውን አጥንቶ ሶዲስ በሚል ስም አስፋፋው። አሠራሩ ይኸው ነው፦ ከሁለት ሊትር ያልበለጠ፣ ቀለም የሌለውና ያልተጫረ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጥራ ውኃ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ ማጋደም። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ካገኘው ይበቃዋል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ተከታታይ ቀን ማቆየት ግድ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረሩ የተሕዋስያኑን የዘር ቅንጣት ይጎዳል፤ ውኃው 50 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ጨረሩና ሙቀቱ ተጋግዘው ሥራውን በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል።

ውኃው ደፍርሶ እንደሆነ የሚለይበት ዘዴ ደግሞ እኛን እጅግ ያስደስተናል። ጠርሙሱን ከጋዜጣ አርዕስት ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ በአፉ በኩል ወደ ታች መመልከት ነው። ፊደሉ ከተነበበ ውኃው ይሆናል፤ ካልተነበበ አስቀድሞ ማጥለል ያስፈልጋል። የታከመውንም ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለብጡ ከዚያው ጠርሙስ መጠጣት ይገባል፤ ካልሆነ እንስራው የያዘው ተሕዋስ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ እምነት ማረም ያስፈልጋል። ውኃን ከተሕዋስያን ለማጽዳት ማፍላት ግዴታ አይደለም። የኮሌራና የታይፎይድ አምጪዎችን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ የውኃ ወለድ በሽታ ተሕዋስያን በ65 ዲግሪ ጥቂት ደቂቃ ቢቆዩ ይሞታሉ። ችግሩ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት 65 ዲግሪ መድረሱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው፤ ሰው እስኪፈላ የሚጠብቀው አረፋው ስለሚታየው ነው። ለዚህም መላ ተገኝቷል። በአንዲት ትንሽ የታሸገች ብልቃጥ ውስጥ በ70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ሰም ይደረግና ሰሙ ከላይ ሆኖ ውኃው ውስጥ ትንጠለጠላለች። ሰሙ ቀልጦ ወደ ታች ከወረደ ውኃው ሞቆ ነበር ማለት ነው፤ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ባይኖር እንኳ ሲመለስ ምልክቱን ያገኛል።

ሙቀትም ሆነ ጨረር የማይፈውሰው ውኃ ግን አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ከሚገባው በላይ ስላለ ጥርስ ያቦዝዛል፣ ሲበረታም አጥንት ይጎዳል። ፍሎራይድን ጠርሙሱ አይነካውም፤ ማፍላትማ ውኃውን እያሳነሰ ይባስ ያከማቸዋል። ለዚህ የሚሆነው የፀሐይ ማጣሪያ ገንዳ ነው። በጥቁር ገንዳ የተቀመጠው ውኃ ተንኖ በተጋደመው መስታወት ላይ ጤዛ ይሆንና በአሸንዳ ይወርዳል፤ ፍሎራይዱም ጨውም ከታች ይቀራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 በቺሊ በረሃ ላስ ሳሊናስ በተባለ ቦታ ወደ 4,700 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ገንዳ ተሠርቶ ለማዕድን ሥራው በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ ንጹሕ ውኃ ይሰጥ ነበር። ደካማ ጎኑ ስፋቱ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ከ2.3 ሚሊዮን ጁል በላይ ስለሚፈጅ፣ ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ብቻ ይገኛል። ለመጠጥ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለልብስ አይሆንም።

የሃይላንዱ ሁለተኛ ሙያ መብራትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብራዚል ኡቤራባ ከተማ አልፍሬዶ ሞዘር የተባለ መካኒክ መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ ጊዜ ሁለት ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ፣ አልጌ እንዳያበቅል ሁለት ክዳን በረኪና ጨምሮበት፣ በጣሪያው ቀዳዳ ግማሹን ወደ ውጭ ግማሹን ወደ ውስጥ አድርጎ ሰካው። ጨለማው ክፍል በቀን ብርሃን ተሞላ። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፊሊፒንስ በሺዎች በሚቆጠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ተሠራበት።

ቀዳዳው ብቻውን ለምን አይበቃም? በባዶ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ወለሉ ላይ አንዲት የምታሳውር ክብ ይሠራል እንጂ ክፍሉን አያበራም። ውኃው ግን ብርሃኑን ሰብሮ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ዝናቡንም ይከለክላል። ብርሃኑ ምን ያህል እንደሆነ ተማሪ በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። የጠርሙሱ ዲያሜትር 9 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 64 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ስለምትሰጥ በጠርሙሱ የሚገባው 640 ሉመን ይሆናል፤ ይህም ከድሮው የ60 ዋት አምፖል እምብዛም አያንስም። መስኮት አልባ ጎጆ ውስጥ በቀን ኩራዝ ለሚያበራ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊቱን ግን ጠርሙሱ ከቤተሰቡ ጋር ይተኛል፤ የሌሊቱ ሥራ የሰሌዳውና የባትሪው ነው።

የዘጠና ዲግሪው ሳጥን

ሙቀትን ማገት በሳይንስ የተመረመረው ከ250 ዓመታት በፊት ነው። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1767 በመስታወት የተከደኑ ሳጥኖችን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትቶ ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። እያሻሻለው ሄዶም ውስጡ ከባሕር ጠለል የውኃ መፍያ ከ100 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ አየ። ከዚያም ሳጥኑን ይዞ ክራሞን ወደተባለው ተራራ ወጣ። የተራራው አየር ከሜዳው እጅግ የቀዘቀዘ ቢሆንም ሳጥኑ የሞቀው ከሜዳው ባልተናነሰ ነበር። ሳጥኑን የሚያሞቀው አየሩ ሳይሆን ጨረሩ ነውና። ደጋ ላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ ሙከራ የተለየ ትርጉም አለው፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ለሳጥኑ ዕንቅፋት አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹም የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሸል በደቡብ አፍሪካ ሳለ በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ዕንቁላልና ሥጋ አብስሎ በልቷል።

ምስጢሩ ከመስታወቱ ላይ ነው። መስታወት የሚታየውን ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ጥቁሩን ብረት ካሞቀው በኋላ ግን ብረቱ መልሶ የሚያመነጨውን ታህታይ ቀይ ጨረር አያሳልፍም። ሳጥኑን ለመሥራት ሁለት ካርቶን ይበቃል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው የጤፍ ጭድ መጠቅጠቅ፤ ጭዱ በመካከሉ የያዘው አየር ሙቀት አያሳልፍም። ከታች በጥላሸት የጠቆረ ቆርቆሮ፣ ከላይ መስታወት፣ ክዳኑ ላይ ፎይል። ድስቱ ስስና ጥቁር፣ ክዳንም ያለው ይሁን።

የመስታወቱ ስፋት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቢሆን 250 ዋት ይቀበላል፤ ከኪሳራው ተርፎ ለድስቱ የሚደርሰው 120 ዋት ነው እንበል። ሁለት ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ለማሞቅ 590,000 ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ዘገምተኛ ነው፤ ግን አይከስልም፣ አያጨስም፣ ጠባቂም አይፈልግም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነም ሳጥኑ ከዚያ በላይ እንዲደክም አይጠበቅበትም።

ንድፉን ከውጭ መጻሕፍት የሚቀዳ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። አብዛኞቹ «ሳጥኑን ወደ ደቡብ አዙሩ» ይላሉ፤ የተጻፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነውና። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በሰኔ ቀትር አንድ እንጨት ብንተክል ጥላው ወደ ደቡብ ሲወድቅ እናያለን። ለእኛ የሚስማማው መስታወቱ ጠፍጣፋ የተኛ፣ የሚዞረውም ፎይሉ ብቻ የሆነ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ሩዝ፣ ምስር፣ ድንችና ዕንቁላል አብስሎ ይሰጣል። ወጡ ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል። ወጣችን የሚጀምረው በቁሌት ነው፤ ሽንኩርቱ እየተማሰለ ውኃው እስኪመጥና በዘይቱ እስኪበስል መቁላላት አለበት። ይህም ከመፍያ ነጥብ በላይ የሆነ ሙቀትና በየደቂቃው የሚከፈት ክዳን ይጠይቃል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የታገተው ሙቀት ያመልጣል። የውጭው ንድፍ አውጪ ድስት ውስጥ ሁሉን ጨምሮ የሚዘጋ አብሳይ በዓይነ ኅሊናው ይዞ ስለሚነድፍ ይህን አያውቅም። አዋጩ መንገድ ሥራውን መከፋፈል ነው። ቁሌቱን በእሳት ለአጭር ጊዜ፣ ረጅሙን መንተክተክ በሳጥኑ። ደመና ቢመጣም አንዴ የፈላውን ድስት ጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ቀብሮ ቢሸፍኑት በራሱ ሙቀት ለሰዓታት እየበሰለ ይቆያል።

ምጣዱ

አሁን ወደ መሰላሉ አናት ደርሰናል። በኢትዮጵያ ቤት ከማገዶው ከፍተኛውን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ነው። ፀሐይ እንጀራ ካልጋገረች ከማገዶ ጭንቀቱ የምታቃልለው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጥበብ፣ መሰብሰብን፣ የምንጠራው እዚህ ላይ ነው። 1.4 ሜትር ዲያሜትር ያለው የፓራቦላ ሳህን 700 ዋት ገደማ ለድስቱ ያቀብላል፤ ሙቀቱም ቁሌቱን ያለ ችግር ይሠራል። ሥነ ሥርዓቱ ግን ከባድ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ሳህኑን በየሩብ ሰዓቱ ማዞር ያስፈልጋል። የተሰበሰበው ብርሃን ዓይን ስለሚጎዳም ጥቁር መነጽር ሳያደርጉ መቅረብ፣ ሕፃናትንም በአጠገቡ ማስጫወት አይገባም።

ሳህኑ ለድስት እንጂ ለምጣድ አልተፈጠረም። ብርሃኑን የሚያሳርፈው ከአንድ ጭብጥ እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ላይ ሲሆን ምጣዱ 60 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ሸክላ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ መካከሉ ሲያር ዳሩ ቀዝቃዛ ይቀራል። እንጀራው መሐሉ ይከስላል፤ ጠርዙም ዓይን ሳያወጣ ይጣበቃል። ሙቀቱ ካልተስተካከለ ሸክላው ራሱ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ እንጀራ የሚጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ወይም ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአክንባሎ ተከድኖ ነው። ጋጋሪዋ ቀትር ላይ ደጅ ወጥታ በመስታወት ፊት እንድትቆም መጠየቅ ፍትሐዊም አይመስለንም።

የኤሌክትሪክ ሰሌዳውስ? ተራው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ጥሩ ሰሌዳ በቀትር ከካሬ ሜትር 200 ዋት ቢሰጥ ምጣዱን በቀጥታ ለማንቀሳቀስ ከ17 ካሬ ሜትር በላይ ሰሌዳ ይፈልጋል። ዋጋው ባለፉት ዓመታት እጅግ ቢረክስም ለአንድ ጎጆ ይህ ገና ብዙ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን ፀሐይን ደጅ ትተው ሙቀቷን ብቻ ወደ ማድቤት ማስገባትን መረጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሙከራ እንደ አሸንዳ የተጎበጠ መስታወት በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዘይት ያሞቃል፤ ዘይቱም ቤት ውስጥ ባለው ምጣድ ሥር እየዞረ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያሞቀዋል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ባካሄደው ምርምር ደግሞ ሙቀቱን የሚያመላልሰው እንፋሎት ሆነ፤ ለማታም እንዲቆይ በጨው ተከማቸ። ጨው ስንል የገበታውን አይደለም። የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ሲሆን በ220 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሲቀልጥ የዋጠውን ሙቀት ሲረጋ ይመልሳል፤ እስኪረጋ ድረስም ሙቀቱ እምብዛም አይወርድም። ለምጣድ የተመኘነው ጠባይ ይህ ነው።

ያልተፈታው የክብደቱ ነገር ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 19 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈጃል። ከዚህ ጨው አንድ ኪሎ ሲቀልጥ የሚይዘው ወደ 100,000 ጁል ብቻ ነው። በመቅለጥ ብቻ ከተማመንን ሁለት ኩንታል ሊጠጋ ነው፤ ጨውን ከመቅለጫው 50 ዲግሪ ያህል አሳልፈን ብናሞቀው እንኳ ከአንድ ኩንታል አይወርድም። ይህን የሚይዝ የማይፈስና የማይዝግ ጋን፣ ዙሪያውንም የሚያለብሰው መከለያ፣ ከምጣዱ ይልቅ ውዱ ዕቃ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ እንደገና ለምጣዱ ማቅረብ ነው። በእርግጥ 200 ዲግሪ ያስፈልገዋል ወይ? ሸክላው ይህን ያህል መሞቅ ያለበት ሙቀቱን በዝግታ ስለሚለቅ ነው። የመቐለው የእንፋሎት ሙከራ እንዳሳየው፣ ምጣዱ ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍና ከሥሩ ያለማቋረጥ የሚሞቅ ከሆነ 150 ዲግሪ አካባቢም እንጀራ ዓይን ያወጣል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ናይትሬቱ ቀርቶ ዘይትና የወንዝ ጠጠር የሞላበት በርሜል እንኳ ሙቀት ማከማቸት ይችላል።